በአንዲት ጭረት የተጠየቀች ልጅ

እንግሊዝኛ እችላለሁ ብዬ ማንንም አልዋሽም። ፈረንጅ መጥቶ ቢያናግረኝ «የስ» እና «ኖ» ብዬ ነው የምሸሸው። እኔ የምችለው አፖስትሮፍ ነው። እሷን ግን እችላታለሁ። ከፊደሎቹ ከፍ ብላ የምትንጠለጠለው ያቺ ጭረት የት እንደምትገባና የት እንደማትገባ ማወቅ የሚፈልግ ሰው ጅማ፣ መንደራ ቆጪ ሰፈር መጥቶ እኔን ይጠይቅ።

የምሠራው አጎቴ ማተሚያ ቤት ነው። ማተሚያ ቤት ስል ትልቅ ነገር እንዳይመስላችሁ። ባጃጆች ከሚቆሙበት ፊት ለፊት ያለች፣ ከኮንቴይነር ትንሽ የምትሰፋ ሱቅ ናት። ባነር፣ ስቲከር፣ ታፔላ፣ ማህተም፣ የምረቃ ቲሸርት እንሠራለን። ባነር የሚያትመው ማሽን ከግድግዳ እስከ ግድግዳ ስለሚደርስ ሱቁን ለሁለት ይከፍለዋል። ከማሽኑ ወዲያ በሩ አለ። ከማሽኑ ወዲህ የኔ ወንበርና ኮምፒውተሩ። ማሽኑ ዝም ሲል በእግሮቹ መሀል ጎንበስ ብዬ እሾልካለሁ። ባነር እየወጣ ከሆነ ግን እርጥቡ ባነር ከፊት ተንጠልጥሎ መውጫውን ይሸፍነዋል፤ ቢነካ ቀለሙ ይዝረከረካል። ስለዚህ የሰው ሠርግ ታትሞ እስኪያልቅ ሽንቴም ቢመጣ ይዤው እቀመጣለሁ።

አጎቴ የእናቴ ወንድም ነው፤ በኦሮምኛ እሱማ የምንለው። እዚህ አገር የእሱማ እርግማን ከአባት እርግማን ይከፋል ይባላል። ስለዚህ ሰው ከአባቱ ጋር ሊጣላ ይችላል፣ ከእሱማው ጋር ግን ይጠነቀቃል። እናቴ ከሊሙ ለትምህርት ወደ ጅማ የላከችኝ ሰባተኛ ክፍል ልገባ ስል ነው፤ ከዚያ ወዲህ የኖርኩት እሱ ቤት ነው። ፊት ለፊት «እርስዎ» እለዋለሁ። እዚህ ግን «አለ»፣ «ሄደ» እያልኩ ልጽፍ ነው። ቢያንስ ወረቀት ላይ እግሬን ልዘርጋ።

አፖስትሮፍን የተማርኩት አሥረኛ ክፍል ነው። የእንግሊዝኛ መጽሐፉን በአንድ ዴስክ ለሦስት ነበር የምንካፈለው። የኛ ዴስክ መጽሐፍ መጀመሪያውም መጨረሻውም ተገንጥሎ ከመሀል አንድ ምዕራፍ ብቻ ቀርቶት ነበር፤ እሱም ስለ አፖስትሮፍ ነው። ለአስተማሪያችን ስናሳየው «እንግዲህ የተረፈውን ብሉ» አለን። በላን። ሌላው የክፍሉ ልጅ ስለ አየር ብክለት ሲያነብ እኛ ያንኑ እናነባለን። አስተማሪው አንዳንዴ ዴስካችን ላይ ተደግፎ ይጠይቀናል።

«ሥራዋ ስንት ነው?»

«ሁለት።»

«አንደኛው?»

«የወደቀ ፊደል ቦታ መጠበቅ።»

«ሁለተኛው?»

«ባለቤት ማሳየት።»

«ብዛትስ?»

«ብዛት አያገባትም!»

ይኸው ነው። ይህን ያህል ነው የማውቀው። አሁንም ስሠራ በልቤ የምለው ያንኑ ነው፤ ብዛት አያገባትም።

ጅማ ላይ ግን ያገባታል። ሌላ ከተማ ሰው ጭረቷን ይረሳታል ይባላል። የኛ ሰው አይረሳም፤ ይጨምራል። ምክንያቱ ኦሮምኛችን ነው። በኦሮምኛ ጽሑፍ ጭረቷ ራሷን የቻለች ፊደል ናት፤ ሁዳ ትባላለች፣ ማነቂያ እንደማለት። «ታኤ» ስትሉ በመሀል ጉሮሯችሁ ቆም ይላል፤ ያንን ቆም ማለት የምታሳየው እሷ ናት። የዚህ አገር ልጅ ከአንደኛ ክፍል ጀምሮ ስለሚያውቃት አይፈራትም። እንግሊዝኛ ሲጽፍ ኤስ ባየ ቁጥር ከፊቷ ጣል ያደርጋታል። አንድ ፀጉር ቆራጭ ለሱቁ ታፔላ ሊያሠራ መጥቶ፣ ስታይልስ በሚለው ቃል ውስጥ ጭረቷን ካላስገባሽ አለኝ።

«ስታይሎቹ ብዙ ስለሆኑ ነው እንጂ የማንም አይደሉም። አትገባም» አልኩት።

«ሜ፣ አንብቢያት እስቲ። ስታይል… እስ!» በመሀል ትንፋሹን ቆም አደረገ። «ሰማሽ? ስትቆም እኮ ነው የምታምረው።»

«እንግሊዝ አትቆምም።»

«እንግሊዝ ፀጉሩን እኔ ጋ አይቆረጥም።»

አጎቴ ከበሩ ሆኖ ሳቀ። «እሺ በለው። ደንበኛ ነው።» ከዚያ ወደ እኔ ዞሮ «ግን ለምንድነው እንደ አማርኛው ‹የ› ብለው ከፊት የማያስቀምጧት? ሰው ገና ከመጀመሪያው ያውቀው ነበር» አለ። ወላሂ፣ ለዚህ መልስ የለኝም።

አሥራ ሁለተኛ ክፍልን ጨረስኩ፤ ውጤት አልመጣልኝም። ብዙ ሰው አልመጣለትም፣ እኔ ብቻ አይደለሁም። ቤት ከምትቀመጪ ብሎ አጎቴ ኮምፒውተሩ ላይ አስቀመጠኝ። ለትንሽ ጊዜ ነበር የተባለው። ከዚያ ከዩኒቨርሲቲው ኪቶ ፉርዲሳ ግቢ ተመራቂዎች መጡ። ሌላ ቦታ ያሳተሙት ቲሸርት ላይ ጭረቷ ያለቦታዋ ገብታ ፎቶው በስልክ ተሰራጭቶ መሳቂያ ሆነው ነበር። እንደገና ሠራንላቸው፤ አስተካከልኩት። ከዚያ በኋላ «ልጅቷ ጋ ውሰዱት» የሚል ወሬ ከተማውን ዞረ። ክሊኒኩም፣ ምግብ ቤቱም፣ ስልክ ጠጋኙም መጣ። አጎቴ መስታወቱ ላይ «እንግሊዝኛ ይታረማል» ብሎ ለጠፈ። አላርምም፣ ጭረት ብቻ ነው የማውቀው ስለው «ጭረት ይታረማል ብዬ ልለጥፍ?» አለኝ።

አዲስ አበባ ሄጄ አጭር ኮርስ ልውሰድ ብዬ ጠየቅኩት። «ማን ይተካሻል?» አለ። ሊሙ ሄጄ እናቴ ጋ ትንሽ ልክረም አልኩት። «ማን ይተካሻል?» ሰነፍ ብሆን ኖሮ ይለቀኝ ነበር። ገባኝ፤ መሰላል መስሎኝ የያዝኩት ነገር መቀርቀሪያ ነበር። ጎበዝ ነሽ ባሉኝ ቁጥር አንድ ሚስማር ወደ ውስጥ ይገባል።

ጥቅምት ላይ፣ እሸት ቡናው መቅላት ሲጀምር፣ አንድ ሐጂ ከአጋሮ መጡ። ቡና አጥበው ወደ ውጭ የሚልኩ ናቸው። ነጭ ቆብ አድርገዋል፣ እጃቸው ላይ ባዶ የቡና ከረጢት ይዘዋል። አጎቴ አልነበረም። ከማሽኑ ወዲያ ቆመው በላዩ አዩኝ።

«ያ ኢንታላ! አንቺ ልጅ፣ እንግሊዝኛ የምታቃኚው አንቺ ነሽ?»

«አላቃናም ሐጂ። ጭረት ነው የማስተካክለው።»

«እንግዲያው ጭረቴን እይልኝ» ብለው ከረጢቱን በማሽኑ ላይ አቀበሉኝ። በትልቁ Farmer's Coffee ይላል።

«ገበሬው አንድ ነው?» አልኳቸው።

«የቱ ገበሬ?»

«ቡናውን የሚያመጣልዎት። በዚህ አጻጻፍ ቡናው የአንድ ሰው ነው።»

«አንድ!» ሳቃቸው መጣ። «ከማጠቢያው እስከ ጌራ መንገድ ያለ ሰው ሁሉ ነው የሚያመጣልኝ። ባልና ሚስት ለየብቻ የሚያመጡልኝ አሉ።»

«ብዙ ከሆኑ ጭረቷ ከኤስዋ በኋላ ትግባ።»

«ከዚህ ወደዚህ?» በጣታቸው ቦታውን ለኩት። «ይህን ያህል ነው?»

«ይህን ያህል ነው።»

ከረጢቱን አገላብጠው አዩ። «አስተግፊሩላህ። የስንቱን ሰው ቡና ለአንድ ሰው ሰጥቼ ስልክ ኖሬያለሁ» አሉ። ቀልድ ነበር፤ ግን ሙሉ በሙሉ ቀልድ አልነበረም። ቀና ብለው አዩኝ። «አጋሮ ትመጪልኛለሽ? ማጠቢያው ላይ የሚለጠፈው ጽሑፍ፣ ከገዢዎቹ ጋር መጻጻፉ፣ ይህን ሁሉ የምታይልኝ ሴት ልጅ ፈልጌያለሁ። ማደሪያሽ ከሴት ልጆቼ ጋር ነው።»

«እመጣለሁ!»

ፊታቸው ተለወጠ፤ ስድብ የሰሙ ይመስላሉ። «ለእኔ አትመልሺልኝ ልጄ። ባለቤት አለሽ። ሰው እልክበታለሁ።»

ያንን ሳምንት እንዴት እንዳሳለፍኩት አላውቅም። አጋሮ ሩቅ አይደለም፤ ጠዋት የሄደ ለምሳ ይመለሳል። ለእኔ ግን ሌላ አገር ሆነ። ከማሽን ወዲያ ያለ ሥራ፣ ሰማይ ያለው ሥራ። ሻንጣዬን አውርጄ አቧራውን ጠረግኩ።

እሁድ ሁለት ሽማግሌዎች ቤታችን መጡ። አንደኛው የአወቱ መንደራው ልብስ ሰፊ ናቸው፣ ሁሉም የሚያውቃቸው። ሁለተኛው ከአጋሮ የመጡ፣ ምርኩዝ የያዙ። አጎቴ የዓርብ ጀለቢያውን ለብሶ ጠበቃቸው። ይህን ጊዜ መጠርጠር ነበረብኝ፤ ለደንበኛ ጀለቢያ አይለብስም። እኔና የአጎቴ ሚስት ከመጋረጃው ጀርባ ሆነን ሻይና ሳምቡሳ እያሰናዳን እንሰማለን።

ስለ ዝናቡ አወሩ። ስለ መንገዱ አወሩ። የአጋሮው ሽማግሌ ጉሮሯቸውን ጠረጉ።

«የመጣነው ልጅህን ፈልገን ነው።»

«ልጄን!» አለ አጎቴ፣ የመጡበትን እንዳልሰማ።

«ለሥራ ነው። ለሐጂ።»

«ለሥራም ይሁን ለሌላ፣ ከቤት ትወጣለች አይደል?»

«ትወጣለች።»

«ሌላ ሰው ቤት ታድራለች?»

«ከሴቶቹ ጋር፣ ኢንሻአላህ በክብር።»

«እንግዲያው አይሆንም። ልጄ ገና ናት። ሥራም አላት፣ ቤትም አላት። ሻይ ጠጡ።»

ትሪውን ልጥለው ነበር። የአጎቴ ሚስት ክንዴን ቆነጠጠችኝ።

«ዝም በይ! የመጀመሪያው ሁሌም አይሆንም ነው። ዕቃ ነሽ እንዴ በአንድ ቃል የምትሰጪ?»

«ሥራ እኮ ነው ያሉት!»

«ቢሆንስ? እኔን ለባል የሰጡኝ ሦስተኛው ላይ ነው። ሁለተኛው ላይ አባቴ እንዲያውም ሊቆጡ ምንም አልቀራቸው። ይመለሳሉ፣ ታያለሽ።»

ሽማግሌዎቹ ሻያቸውን ጠጥተው፣ መርቀው ወጡ። አጎቴ ከበር ሸኝቷቸው ሲመለስ ደስ ብሎት ነበር። ደስታው እስከ ዛሬ ይገርመኛል። «ደህና ሰዎች ናቸው» አለ። «ሐጂ ሽማግሌ መርጠው ነው የላኩት።» በእሱ ቤት ነገሩ ጥሩ ጀምሯል።

በሚቀጥለው እሁድ የአጎቴ ሚስት ሳምቡሳ አዘጋጀች። ማንም አልመጣም። ሳምቡሳውን እኛው በላነው። ከዚያ ወዲያም አልመጡም። እሸት ቡና የጫኑ አይሱዙዎች በሱቃችን በር ያልፋሉ፤ ከላያቸው የሚንጠባጠበው ውሃ አስፋልቱ ላይ መስመር ይሠራል። እኔ የሰው ሠርግ አትማለሁ፣ የሰው ምረቃ አትማለሁ። ከባነሩ ጀርባ ሆኜ ጆሮዬ በሩ ላይ ነው። አንድ ሽማግሌ ምርኩዙን ይዞ ሲገባ ከወንበሬ እነሳለሁ፤ ማህተም ሊያስቀርጽ ነው።

ኅዳር ላይ አንድ ጠዋት መብራት ጠፋ። ማሽኑ ከነድምፁ ሞተ። ምንም አላሰብኩም፤ ቦርሳዬን ይዤ በስሩ ሾለክሁ፣ ባጃጅ ያዝኩ፣ መናኸሪያ ወረድኩ። አጋሮ የሚጭነው ሚኒባስ ውስጥ ስገባ ረዳቱ «ብቻሽን ነሽ?» አለኝ። «ሁለት እመስልሃለሁ?» አልኩት። የኋላ ወንበር ላይ ሁለት ሴቶች ሳቁ። ያንን ሳቅ እስከ አጋሮ ድረስ ይዤው ሄድኩ።

ማጠቢያው ከከተማው ወጣ ብሎ፣ ወንዙ ዳር ነው። የቡናው ገለፈት ኮምጣጣ ሽታ ከሩቅ ይመጣል። ቡናው የተሰጣባቸው የሽቦ አልጋዎች ረድፍ ረድፍ ሆነው ወደ ታች ይወርዳሉ፤ ሴቶች ግራና ቀኝ ቆመው የተበላሸውን እየለቀሙ ያወራሉ። ሐጂ በቆርቆሮ ጥላ ሥር ተቀምጠዋል። አጠገባቸው የፕላስቲክ ወንበር ላይ ስልክ የያዘች ወጣት አለች፤ የወንድማቸው ልጅ ናት። ወንበሩን አይቼ የኔ እንደነበር አወቅኩ።

ሐጂ ተነስተው ተቀበሉኝ። ውሃ አስመጡልኝ፣ ስለ አጎቴ ጤንነት ጠየቁ፣ ስለ ሚስቱ ጠየቁ። መታገስ አልቻልኩም።

«ሐጂ፣ ለምን አልተመለሱም?»

«አጎትሽ አይሆንም ብሏላ።»

«የመጀመሪያው አይሆንም ነበር እኮ!»

መጀመሪያ ሳቁ። ከዚያ ሳቃቸውን ተዉት።

«ስሚኝ ልጄ። ለልጄ ሚስት ብጠይቅ ኖሮ ወጉን አውቃለሁ፤ ሦስቴ አይደለም ሰባቴ እመላለሳለሁ። ክብር ነው። ለሠራተኛ ግን፣ አይሆንም ያለ ሰው በር ላይ ደግሜ ብቆም ምን እባላለሁ? የሰው ቀኝ እጅ ሊቆርጥ መጣ ነው የምባለው። አጎትሽ በአንቺ ነው የሚሠራው፣ ይህን ማን ያጣዋል? አንድ ቃል ይላክልኝ። በዚያው ቀን መኪና እሰዳለሁ።»

እኔን የጠየቁት እንደ ሠራተኛ ነው። አጎቴ የመለሰው እንደ ሙሽራ አባት ነው። ሁለቱም ወግ አልጣሱም፤ ሁለቱም እየጠበቁ ነው። በመሀል የቀረሁት እኔ ነኝ።

ልመለስ ስል የወንድማቸው ልጅ እስከ መንገዱ ሸኘችኝ። የቴሌግራም ስሜን ተቀበለችኝ። «እህቴ፣ እኔ እኮ ሰው እስኪገኝ ነው የተቀመጥኩት» አለች፣ አፍራ። «ያቺ ጭረት ልታሳብደኝ ነው።»

ጅማ ስደርስ መብራት መጥቷል፤ አጎቴ ራሱ ማሽኑ ላይ ቆሞ ባነር አበላሽቷል። የት ነበርሽ አላለም። አቧራ የጠጣ ጫማዬን አየ።

«አጋሮ ነበርኩ» አልኩት።

«ብቻሽን?»

«ብቻዬን። አንድ ቃል ከተላከላቸው መኪና እሰዳለሁ ብለዋል ሐጂ። እርስዎ ይላኩ።»

«እኔ?» እጁ ላይ ያለውን ቀለም በጨርቅ እየጠረገ ነው። «እኔ ሰው ልኬ ልጄን ውሰዱልኝ ልበል? ልጅቷ ተረፈችው፣ ሰለቸችው አይሉኝም? እናትሽስ ምን ትለኛለች? አስተማረና እንደ ጀንፈል ቡና በማዳበሪያ አስጭኖ ላከ ትለኛለች።»

«እነሱም አይመጡም፣ እርስዎም አይልኩም። እኔስ?»

«ይምጡ። በሬ ክፍት ነው።»

«በሩማ ክፍት ነው። እኔ ነኝ ከማሽኑ ወዲህ ያለሁት።»

እንዲህ አልኩት፣ ለእሱማ። ምሳ ይዛ የመጣችው የአጎቴ ሚስት ከሱቁ በር ላይ «ያ ረቢ!» ስትል ሰማኋት። እሱ ግን አልተቆጣም። የተበላሸውን ባነር ጠቅልሎ ጥግ አስቀመጠና ቀስ ብሎ «ደግሞስ ማን ይተካሻል?» አለ። ወጉም እውነት ነው፣ ይህም እውነት ነው። የትኛው ከየትኛው ጀርባ እንደተደበቀ እሱም የሚያውቅ አይመስለኝም።

ማታ የአጎቴ ሚስት አጠገቤ መጥታ ተቀመጠች።

«ሦስተኛው ላይ ባይመጡልሽ ኖሮስ?» አልኳት።

«እነማን?»

«አንቺን የጠየቁት።»

አሰበች። «አባቴ ቤት እቀር ነበራ።»

«ይሻልሽ ነበር?»

በመዳፏ ትከሻዬን መታ አድርጋኝ ሳቀች።

ከዚያ ቴሌግራሙ ጀመረ። የሐጂ የወንድም ልጅ ፎቶ ትልካለች፣ ከሥሩ ድምፅ። «ነፍሴ፣ አንዴ ብቻ። ኢትስ የሚለው ላይ ትገባለች አትገባም?» ስትሰሚው ‹ነው› የሚል ትርጉም ካለው ትገባለች፣ ‹የሱ› የሚል ከሆነ አትገባም እላታለሁ። «እንዴ! ባለቤት ታሳያለች አላልሽም?» በዚች ቃል ብቻ አታሳይም፣ ለምን እንደሆነ አትጠይቂኝ፣ መጽሐፋችን እዚያ ላይ ተቀዶ ነበር። የሳቅ ምልክት ትልካለች። በማግስቱ ሌላ ከረጢት። የሻጭ ስም፣ የአልጋ ቁጥር፣ ለገዢ የሚላክ ሰላምታ። የኮምፒውተሩ ኪቦርድ አማርኛ ላይ ከተረሳ ጭረቷን ስነካ ሌላ ምልክት ስለሚያወጣ፣ የአጋሮውን ሥራ ስልኬ ላይ ነው የምሠራው፣ ከጠረጴዛው ሥር፣ ማሽኑ እየጮኸ። ቡናው ታጥቦ፣ ደርቆ፣ ተጭኖ ባሕር ይሻገራል። ከረጢቱ ላይ ያስቀመጥኳት ጭረት አብራ ትሄዳለች። እኔ መንደራ ቆጪ።

አንድ ቀን በድምፅ «አንቺ እዚህ ብትሆኚ ኖሮ እኔ ይህን ጊዜ አዲስ አበባ እህቴ ጋ ነበርኩ» አለችኝ። ያንን ድምፅ ደጋግሜ ሰማሁት። ፕላስቲኩ ወንበር ላይም ሰው ታስሮ ነበር ለካ።

ረመዳን ሊገባ ሲል፣ ለቀጣዩ ጭነት ስቲከር ሊያሳትሙ ሐጂ ራሳቸው ሱቃችን መጡ። አጎቴ ነበር። እኔ ከማሽኑ ወዲህ ነኝ፤ የአንድ ድርጅት ረጅም ባነር እየወጣ ነው፣ መውጫዬን ሸፍኖታል። ከባነሩ በላይ ጭንቅላታቸው ብቻ ይታየኛል።

«አሰላሙ አለይኩም!»

«ወአለይኩም ሰላም ሐጂ! ቤተሰብ? ልጆች? ቡናው?»

«አልሃምዱሊላህ። አንተስ? ባለቤትህ? ጉልበትህ ያምሃል ሲሉ ሰማሁ።»

«ተሽሎኛል አልሃምዱሊላህ። አጋሮ ዘነበ?»

ጉልበቱ ተወራ። ዝናቡ ተወራ። ጌራ የተሠራው ድልድይ ተወራ፣ የልብስ ሰፊው ዓይን ተወራ። አንዱ አፉን ሲከፍት ሌላው ይጠብቃል፤ ከዚያ የሚወጣው ስለ ድልድዩ ነው። ሁለቱም እያዩኝ አላዩኝም። ሐጂ የስቲከሩን ናሙና አስረከቡ፣ መቼ እንደሚደርስ ተነገራቸው፣ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አደረጉ። ሊወጡ ነው። አንድ እግራቸው ደፍ ላይ ነው።

«ሐጂ!» አልኩ። ድምፄ ከማሽኑ በላይ ወጣ። «እኔን ሊጠይቁ ነው የመጡት ወይስ ለስቲከር ብቻ?»

ማሽኑ ብቻ ነው የቀጠለው። አጎቴ ቀስ ብሎ ዞረ።

«ሥራሽን ሥሪ!»

«እየሠራሁ ነው። መውጣትም አልችልም፣ ያዩኛል። ስለዚህ ከዚሁ ነው የምጠይቀው። ሴት ልጅ ስለ ራሷ አትጠይቅም፣ አውቃለሁ። እርስዎ ሁለተኛውን ሽምግልና ይጠብቃሉ፣ ሐጂ አንድ ቃል ይጠብቃሉ። ልጠብቅ፣ እሺ። የምጠብቀው የትኛውን እንደሆነ ግን ንገሩኝ!»

ሐጂ ደፉ ላይ ቆመው መሬት መሬት አዩ። ትከሻቸው ሲንቀጠቀጥ የተቆጡ መስሎኝ ነበር፤ እየሳቁ ነው።

«ጥርስ አላት ይቺ ልጅ» አሉ ለአጎቴ።

«አፍ ነው ያላት» አለ አጎቴ። አንገቱ ቀልቷል። «ይቅርታ ያድርጉልኝ ሐጂ።»

ሐጂ እግራቸውን ከደፉ መልሰው ወደ ውስጥ አስገቡ። ቆባቸውን አስተካከሉ። ሲናገሩ ድምፃቸው ሌላ ነበር፤ የሽማግሌ ድምፅ።

«እንግዲያው ከመጣሁ አይቀር፣ የዛሬው ሁለተኛ ተብሎ ይያዝልኝ?»

አጎቴ እኔን አየ። ማሽኑን አየ። መስታወቱ ላይ የለጠፈውን ማስታወቂያ ከጀርባው ፊደሉ ተገልብጦ አየው። 

«ሁለተኛ ነው» አለ። ከዚያ ቀጥ ብሎ ቆመና፣ ጀለቢያ እንደለበሰ ሰው፣ «አይሆንም ሐጂ። ልጄ ገና ናት» አለ።

«ሰማሁ» አሉ ሐጂ፣ ተደስተው። «ኢንሻአላህ ከዒድ በኋላ።»

«ኢንሻአላህ።»

ተጨባብጠው ተለያዩ። አጎቴ ባጃጅ ድረስ ሸኛቸው። ተመልሶ ሲመጣ ወደ እኔ አላየም፤ የስቲከሩን ናሙና በባነሩ ላይ አሻግሮ ወረወረልኝ።

«ሦስተኛው ላይ አፍሽን ትዘጊያለሽ» አለ።

«ካልመጡስ?»

ወጥቶ በሩ ላይ ባለችው ወንበር ጀርባውን ሰጥቶኝ ተቀመጠ። ናሙናውን አነሳሁት። የአጋሮዋ ልጅ ናት የጻፈችው፤ ጭረቷ ከኤስዋ በኋላ በትክክል ገብታለች። የሚታረም ነገር አልነበረውም። ባነሩ ገና ግማሹ ነው፤ እስኪያልቅ ተቀመጥኩ።